ከየቤቱ አንድ ሰው

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። ስም ሳይጠሩ የሚያወሩት ወሬ ሐሜት ነውና አስቀድሜ ሁላችንንም በየስማችን ልጥራ። አንደኛው እኔ ደምሴ ነኝ፤ ያን ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ የቀበሌያችንን የቤቶች መዝገብ እይዝ ነበር። ሁለተኛዋ ባለቤቴ እታፈራሁ ናት፤ ነፍሷን ይማርና ከእኔ ይልቅ ልባም ነበረች። ሦስተኛዋ የበኩር ልጃችን ጽጌ ናት፤ ያኔ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ስድስተኛ ክፍል። አራተኛዋ ዱካሌ ናት፤ ከቡሹሎ መጥታ በአንዲት የቀበሌ ክፍል ቤት የምትኖር፣ ዓሣ የምትሸጥ መበለት። አምስተኛው ሰሎሞን ነው፤ ከአዲስ አበባ በዲግሪ ተመርቆ የመጣ የጥናት ባለሙያ። ስድስተኛው ጓድ ወርቁ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን በቀበሌዎቹ የሚመራው ኮሚቴ ሊቀ መንበር። ጓድ ወርቁ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ኋላ ስናደድ እንዳልረሳው ብዬ ነው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰው የቀለም ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት የጽጌ ልጅ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ፣ ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ በባጃጅ መጥታ በረንዳዬ ላይ አንድ እቅፍ መጠይቅ ዘረገፈች። በየገጹ ላይ ተራ ቁጥር የምትመታበት ትንሽ ማኅተም ይዛለች። የሐምራዊውን ቀለም ሳጥን ክዳን ስትከፍተው ሽታው አፍንጫዬ ገባና የያዝሁትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥሁ። ምን እንደምታጠና ጠየቅኋት። ሥልጠና ያገኙ ሴቶች ኑሯቸው ተለውጧል ወይ የሚለውን ነው አለችኝ። መልካም ጥያቄ ነው። ስንት ጊዜ ትጠይቂያቸዋለሽ ብላት አንዴ ነዋ አባባ አለች። ማንን ነው የምትጠይቂው ብላት የቤቱን ኃላፊ፣ እሱ ከሌለ ደግሞ ቤት የተገኘውን ሰው አለች። ይህን የጥናት ስልት ማን መረጠልሽ አልኋት። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» አለችኝ፤ «በሁለት ሳምንት ተሰብስቦ ያልቃል።» እኔ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው የሚለውን ቃል ስሰማ ሰማንያ ዓመት መሙላቴን እረሳለሁ። ማኅተሙን ቀማኋትና ተቀመጪ አልኋት። ለእርሷ የነገርኋትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ያን ጊዜ ከተማችን አዋሳ ነበር የምትባለው። ከታቦር ተራራ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያያት ሰው ትዕግሥት ካለው የቤቱን ቆርቆሮ ቆጥሮ መጨረስ ይችል ነበር። መንገዱ ሰፊ፣ መኪናው ጥቂት፣ ጋሪው ብዙ ነው። በዐሥር ሳንቲም ጋሪ ተሳፍረህ ከገበያው እስከ ሐይቁ ዳር ትደርሳለህ፤ ባለጋሪው ካወቀህ ደግሞ ነገ ትከፍለኛለህ ይልሃል። ከሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ወርደህ በስሙኒ የገዛኸውን ቆሮሶ ዓሣ በሣር ክር አንጠልጥለህ ስትመለስ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ አሞሮች እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ሰብረው ይከተሉሃል። ዛሬ በዚያው ቦታ ዓሣ የሚበላ ሰው የሚከፍለውን ስሰማ ጆሮዬን እጠራጠራለሁ። ልብሳችን ተርጋል ሱሪና ካኪ ጃኬት ነበር። ሴቶቹ ናይለን ሻሽ ያስራሉ፤ ደኅና ቀን የገጠማት ኮንጎ ጫማዋን በሸራ ትለውጣለች። ማለዳ ማለዳ ከቀበሌው ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የሰልፍ ዜማ ያሰማናል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው የኪነት ቡድን ልጆች አኮርዲዮን ይዘው አዳራሹ ውስጥ ይለማመዳሉ። የዜማውን ግጥም አልወደውም ነበር፤ አኮርዲዮኑን ግን እስከ ዛሬ አልጠላሁትም። ሰው የዘመኑን ዜማ መርጦ አይሰማም።

እኔ ቀለም የቆጠርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከሰላሌ ሥራ ፍለጋ መጥቼ በተላላኪነት ገባሁ፤ ከዚያ መዝገብ ቤት አስቀመጡኝ። በዚያ ዘመን የተወገደ ወረቀት ለሱቅ ይሰጥና የስኳርና የጨው መጠቅለያ ይሆን ነበር። ከሚወገደው ክምር ውስጥ አንድ ቀን ሽፋኑና የፊተኞቹ ገጾች የተገነጠሉ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁ። ሰው ስለ ሰው ኑሮ እንዴት አድርጎ ያጠናል የሚል መጽሐፍ ነው። የደራሲውን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። አለቃዬን አስፈቅጄ ወሰድሁት፤ መዝገበ ቃላት በአሥራ ሁለት ብር ገዛሁና ሦስት ዓመት ታገልሁት። አንዳንዱን ገጽ ዐሥር ጊዜ አንብቤ አልገባኝም። የገባኝን ግን በግድግዳዬ ላይ በከሰል ጻፍሁት፤ ሦስት ጥያቄ ነው። ማንን ትጠይቃለህ? ስንት ጊዜ ትጠይቃለህ? ከማን ጋር ታነጻጽራለህ? አንዴ ብቻ የጠየቀ ሰው ዛሬ ያለውን ያውቃል፤ የተለወጠውን አያውቅም። የተለወጠውን ያየ ሰው ደግሞ ምን እንደለወጠው የሚያውቀው፣ ያው ነገር ካልደረሰው ሰው ጋር ሲያነጻጽር ነው። ይኸው ነው። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ሃፍረት ብቻ ይበቃል።

በቀበሌያችን አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ለሴቶች የመሠረተ ትምህርት ክፍል ነበር። ጥቁር ሰሌዳ፣ ዐሥራ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንዲት ብርቱ መምህርት። ሲዳምኛውም አማርኛውም በፊደል ይማሩበታል። እታፈራሁም ትሄድ ነበር፤ ስትመለስ ደብተሯን መሶቡ ሥር ትከተዋለች። ከላይ ደብዳቤ መጣ፤ ዘመቻው በሰዎች ሕይወት ላይ ያመጣው ለውጥ ተጠንቶ ለአብዮቱ በዓል ይቅረብ የሚል። መሃል ከተማ ባለው መሥሪያ ቤታችን፣ ወደ ሐይቁ በሚያይ ክፍል፣ ጓድ ወርቁ፣ ሰሎሞንና እኔ ተቀመጥን። እኔ የተጠራሁት መዝገቡ በእጄ ስለሆነ ነው።

ሰሎሞን ቢጫ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ሰሌዳው ላይ መንገዶቹን ዘረዘረ። የተማሩትን ነገር በአንድ ቀን ፈተና መለካት አንዱ ነው። ሌላው እያንዳንዷን ተማሪ በስሟ ይዞ እየተመላለሱ መከታተል፣ ተመዝግበው ክፍል ካልገቡት ጋር ማነጻጸር ነው። ይህኛው ስድስት ወር ይወስዳል አለ። እኔ ይህኛው ነው አልሁ። የተጠየቅነው ስለ ለውጥ ነውና ለውጥ በአንድ ቀን አይታይም፤ የጥናቱን ስልት የሚመርጠው ጥያቄው ነው፣ የበዓሉ ቀን አይደለም አልሁ። ጓድ ወርቁ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ።

«በዓሉ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። አብዮቱ ስድስት ወር ቆሞ ይጠብቅህ ጓድ ደምሴ?»

ሰሎሞን ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቅ አልረሳውም። በአንድ ቀን ፈተና ተስማማን። አሁን ወደ እኔ ጥፋት መጣሁ። ሰሎሞን ቢያንስ የክፍሉን ስም ዝርዝር ይዘን ሴቶቹን አንድ በአንድ እንጥራ አለ። የክፍሉ ዝርዝር ዝብርቅርቅ ነው፤ አንዷ በክርስትና ስሟ፣ አንዷ በልጇ ስም፣ አንዷ በሰፈሯ ስም ነው የተጻፈችው። የእኔ የቤቶች መዝገብ ግን ንጹሕ ነበር፤ በቁጥር የተሰደረ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የተሰመረ። ኩራት ያዘኝ። ከመዝገቤ እንውሰድ፣ በቤት ቁጥር ይሁን አልሁ። ሰሎሞን ትንሽ አመነታና ጋሼ ደምሴ እንዳሉት ይሁን አለ። ማስታወቂያውንም የጻፍሁት እኔ ነኝ። «ከየቤቱ አንድ ሰው ለፈተና ይቅረብ» የሚል ነው። አራት ዓመት ሙሉ ለስብሰባ፣ ለጽዳት ዘመቻ፣ ለሰልፍ የጻፍሁት አረፍተ ነገር ስለሆነ እጄ ሳያስበው ጻፈው። በቀበሌ ሁሉ ነገር በቤት ነበር፤ ስኳሩ በቤት፣ ሳሙናው በቤት፣ ስብሰባው በቤት። ከቤት አንድ ሰው ከተገኘ ቤቱ ተገኘ ይባላል።

የፈተናው ዕለት ጎረቤታችን ምጥ ይዟት እታፈራሁ እሷ ዘንድ ነበረች። የቀበሌው ዘበኛ ፊሽካ እየነፋ ከየቤቱ አንድ ሰው እያለ ዞረ፤ ያልመጣ ስኳር የለውም የምትለዋን ከራሱ ጨመረበት። እታፈራሁ እጇን እየጠረገች ብቅ አለችና ተማሪዋ እኔ አይደለሁም ወይ፣ የምፈተነው እኔ አይደለሁም ወይ አለችኝ። የሚፈተነው ቤቱ ነው፣ ጽጌን ላኪያት አልኋት። ይህን ስል ውሸት እየሠራሁ መስሎ አልታየኝም። ሦስት ዓመት ከመጽሐፍ ጋር የታገለ ሰው፣ በግድግዳው ላይ ማንን ትጠይቃለህ ብሎ የጻፈ ሰው፣ ልጁን በሚስቱ ቦታ ላከ። ጽጌ ሄደች፤ እንደ ውኃ አነበበች። ከየቤቱም ያነበበው እንዲህ ያለው ነው፤ የስድስተኛ ክፍል ልጅ፣ የወንድም ሚስት፣ ከጉራጌ የመጣ ተከራይ። ማንም ማታለሌ ነው ብሎ አላሰበም። ቤቱ አንባቢ አለው ወይ ተባሉ፣ አንባቢያቸውን ላኩ። ጥያቄውን ያበላሸነው እኛ ነን።

ውጤቱ እንደ ማር ጣፈጠ። አንድም የወደቀ ቤት የለም። የምስክር ወረቀቱ በተመዘገቡት ሴቶች ስም ይዘጋጅ ተባለና በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ በጥሩ ቀለም ጻፍሁት። የሚታደልበት ቀን አዳራሹ በወረቀት ሰንደቅ አሸበረቀ። ጓድ ወርቁ ቀበሌው ከማይምነት ነጻ ወጥቷል ብሎ ተናገረ፤ ስለዚህ ሰሌዳው፣ ወንበሮቹና መምህርቷ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላ ቀበሌ ይዛወራሉ አለ። አጨበጨብን። እኔ ከመድረኩ ሥር የመረከቢያ መዝገቤን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ፤ አጠገቤ የሐምራዊው ቀለም ሳጥን አለ። ሴቶቹ ተሰለፉ። ስማቸውን እጠራለሁ፣ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ያደርጋሉ፣ መዝገቡ ላይ ይጫናሉ፣ ማንበብና መጻፍ ትችላለች የሚለውን ወረቀታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። የእታፈራሁ ተራ ደረሰ። ጣቷን ይዤ ቀለሙ ላይ የጫንሁት እኔ ራሴ ነኝ። በጨርቅ አድርቂው አልኋት። ምንም አልታየኝም። ሰው ዓይን ስላለው ብቻ አያይም።

ከእታፈራሁ ቀጥላ ዱካሌ ነበረች። ስለ ዱካሌ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድም አንድ ወረቀት አምጥቶ ለእርዳታ ነው ብሎ ጣቷን አስነክሯት ነበር፤ ወረቀቱ ግን የእንሰት ጓሮዋን ለእርሱ የምትለቅበት ሆኖ ተገኘ። ከቡሹሎ የወጣችው በዚህ ነው። ቀለሙን አየችው፣ እጇን ግን ከነጠላዋ ውስጥ አላወጣችም።

«ጋሼ ደምሴ፣ ይሄ ወረቀት ምን ይላል?»

«ማንበብና መጻፍ ትችላለች ይላል።»

«ማን?»

«አንቺ ነሻ።»

«ታዲያ ጣቴን ለምን ትፈልጋለህ?»

ከኋላ አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ጓድ ወርቁ ከመድረኩ ጎንበስ ብሎ ስጦታ ነው እቴ፣ ተቀበዪና ተቀመጪ፣ ሰው እየጠበቀ ነው አላት። ዱካሌ ፊቷን ወደ እርሱ አዞረች።

«ያነበበው የእህቴ ልጅ ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው አላችሁ፣ ላክሁ። እኔ ገና ‹ነ› ላይ ነኝ። ትምህርቱን ዘግታችሁ ይሄን ብትሰጡኝ ምን ላድርገው? ዓሣ ልጠቅልልበት?»

ወጥታ ሄደች። ጓድ ወርቁ ቀጥሉ አለ፤ ቀጠልን። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ጣት በወረደ ቁጥር መዝገቡን ገለጥ እያደረግሁ ወደ ኋላ አየሁ። ገጽ በገጽ ሐምራዊ ነው፤ ጣቶቹ ከፊርማዎቹ ይበዛሉ። ከእኛ ጥናት ይልቅ ያ መዝገብ እውነቱን ይናገር ነበር።

ቤት ስገባ እታፈራሁ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጣቷን አንሥታ አሳየችኝ፤ ቀለሙ አልለቀቀም።

«የጽጌ አባት፣ የዱካሌን ጣት ስታይ ደነገጥህ። የኔን ግን በእጅህ ይዘኸው ነበር። ሰባት ወር ክፍል ስመላለስ አንድ ቀን አንብቢልኝ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

አላውቅም። በአንድ ጠረጴዛ ላይ እኔ ሽፋን የሌለውን መጽሐፌን ሳነብ እሷ ምስር ስትለቅም ደብተሯ መሶቡ ሥር ነበር። ምን ያህል ፊደል እንደምታውቅ እንኳ አላውቅም። እንዲህ ያለ አባወራ ስለ ሕዝብ ማንበብ ጥናት ሊመርጥ ተቀምጦ ነበር።

በማግስቱ ሰሎሞን ዘንድ ሄድሁ። ከሻይ ቤቱ ውጭ ተቀምጦ አገኘሁት፤ የዐሥር ሳንቲም ሻዩ ቀዝቅዞበታል። እንደ አዲስ እንሥራው፣ በሰው ስም እንሥራው አልሁት። ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋና እንዲህ አለኝ። «ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው። እዚህ ስመጣ ግን መልሱን አስቀድመው ሰጡኝ፤ ጥያቄው የደረሰኝ በኋላ ነው።» ከዚያ ሒሳቡን ከፍሎ ተነሣ፤ እሺ ያለኝ በዚህ ነው።

የሰሌዳውና የወንበሮቹ ርክክብ የእኔን ፊርማ ይፈልግ ነበር። ያለ እኔ ፊርማ ንብረት ከአዳራሹ አይወጣም። ጥናቱ እስኪያልቅ አልፈርምም አልሁ። በሃያ ዓመት አገልግሎቴ አልፈርምም ስል የመጀመሪያዬ ነበር፤ የተማርሁትም ከዱካሌ ነው። ጓድ ወርቁ ሁለት ጊዜ አስጠራኝ፣ ሁለት ጊዜ አልፈርምም አልሁት። ለበዓሉ የቀደመው ውጤት ይነበባል አለኝ። ይነበብ አልሁ፤ ወንበሩ ግን አይንቀሳቀስም።

ስድስት ሳምንት ከሥራ ስንወጣ ዞርን። ስድስት ወር አላገኘንም፤ ያገኘነውን ተጠቀምንበት። እያንዳንዷን ሴት በስሟ ሁለት ጊዜ አየናት፤ አንዴ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንዴ በመጨረሻው። ተመዝግበው ክፍል ያልገቡትንም እንዲሁ። የምናስነብባቸው ደግሞ በቃላቸው የያዙትን የክፍል መጽሐፍ ሳይሆን የቀበሌው ኅብረት ሱቅ በር ላይ የሚለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር ነበር፤ ከነዘይቱ፣ ከነሳሙናው። ወረቀት የያዘ ወንድ ሲያዩ ሴቶቹ ጓዳ ይገቡ ስለነበር ዱካሌ ቀድማን እየገባች በሲዳምኛ ታነጋግርልን ጀመር። በአራተኛው ቤት አንዲት ትንሽ ሲዳምኛ የምትሰማ ጎረቤት ምን እንደምትላቸው ነገረችኝ፤ አላውቅም በሉት፣ ትምህርቱ እንዳይዘጋ ትላቸዋለች አለችኝ። ዱካሌን መንገድ ላይ አቆምኋትና ተቆጣሁ። የምታነብ ሴት አነባለሁ ትበል፤ ለእኛ የሚጠቅም ውሸትም ውሸት ነው አልኋት። ዓሣ የምትዘለዝልበትን ቢላዋ በመቀነቷ እንደሻጠች ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና አስቸጋሪ ሰው ነህ አለችኝ። ቢሆንም አራቱን ቤቶች ከፊት ጀምረን ደገምናቸው። አንዷ መጀመሪያ አላውቅም ያለች ሴት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበችልንና ዱካሌን በሳቅ ጣለቻት።

ያገኘነው ምን ነበር? ክፍል የገቡት በእርግጥ ተለውጠዋል፤ ይህን ደስ ብሎኝ ጻፍሁ። ካልገቡት ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው ግልጽ ነበር። ግን ብዙዎቹ ገና መንገድ ላይ ነበሩ፤ ክፍሉ ዛሬ ቢዘጋ የያዙትም ይጠፋቸዋል። ዘመቻው ሠርቷል፣ አላለቀም። ከመቶ ገጽ ሪፖርት ይህች አንዲት አረፍተ ነገር ትበቃ ነበር።

ጓድ ወርቁ ሪፖርቱን ቢሮው ውስጥ እኛን አስቀምጦ አነበበ። የመጀመሪያው ገጽ የእኔ ቤት ነው፤ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ተመዝጋቢ እታፈራሁ፣ በፈተናው ቀን የቀረበችው ልጇ ጽጌ፣ የላካት አባቷ ደምሴ ይላል። ጓድ ወርቁ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ስትጽፍ ራስህን እንደከሰስህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ልጆች አሉህ ደምሴ። ይህችን ገጽ አውጣት፤ የቀረውን ጥቂት ጉድለት ታይቷል ብለን እናልፈዋለን።»

ጓድ ያላለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ደግ ሆኖ ነው የተናገረው፤ ደግነቱ ግን ከቁጣው ይልቅ ከበደኝ። የመጀመሪያው ገጽ ከወጣ የቀረው ሐሜት ነው አልሁት። ሰሎሞን ከወንበሩ ተነሣ። እኔም ፈርሜበታለሁ አለ። ከእኔ ይልቅ እርሱ ጀግና ነው፤ እኔ የራሴን ጥፋት ነው የጻፍሁት፣ እርሱ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፣ ገና ያላገኘው ነገር ሁሉ ፊቱ ነበር።

ሪፖርቱ ከነፊርማችን ወደ ላይ ሄደ፤ ሁለት የሚጋጩ ወረቀቶች ያሉበት ቀበሌ ነጻ ወጣ ተብሎ ሊዘጋ አልቻለምና ሰሌዳው፣ ወንበሮቹና መምህርቷ እስከሚቀጥለው ዙር ባሉበት ይቆዩ ተባለ። ይህ ሰባት ወር ነው።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ ዋጋው አልበዛም ወይ አባባ አለችኝ። ደግሞ የእኔ ጥናት በዚህ አካሄድ ሦስት ወር ይረዝማል፣ አማካሪዬም ይቆጣል አለች። ይቆጣ አልኋት። ቁጣ ያልፋል፤ በተገኘው ሰው አፍ የተጻፈ መልስ ግን ታትሞ ይቀመጣል። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንሥታ ከመጠይቁ ላይ ቤት የተገኘውን ሰው የሚለውን ሰረዘችው፤ ስንት ጊዜ የሚለውን ግን ገና አልወሰነችም። አልገፋኋትም። ማኅተሟን መለስሁላትና የጠየቀችኝን ዋጋ ደመርሁላት።

እኔ በማታለል ልጅህን ለፈተና አቅርበሃል ተብዬ ተከሰስሁ፤ ክሱ እውነት ስለነበር አልተከራከርሁም። ይደርሰኝ የነበረው የመዝገብ ቤት ኃላፊነት ለሌላ ተሰጠ፤ እኔ ከጓሮ ወዳለው ዕቃ ቤት ወርጄ እስከ ጡረታዬ ዐሥራ ሁለት ዓመት በዚያው ደመወዝ ቆየሁ። ሰሎሞን ሙቀቱ ሰው ወደሚጥልበት ጠረፍ ተዛውሮ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ተቀመጠ፤ ወባውን እስኪሞት ተሸክሞት ነበር። ዱካሌ የምስክር ወረቀት ሰድበሻል ተብላ የሦስት ወር ስኳርና ሳሙና ተከለከለች። ጽጌን የክፍሏ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ወይዘሮ እታፈራሁ እያሉ ጠሯት። ጓድ ወርቁ በበዓሉ ላይ ቃል የተገባለት ዋንጫ አመለጠው፤ ያዘጋጀለትን ባዶ መደርደሪያ አይቼዋለሁ። እታፈራሁ የምስክር ወረቀቷ መሰረዙ በድምፅ ማጉያ ተነገረባት። ከጥቅምት እስከ ጥምቀት ከሚያስፈልገው በቀር አላነጋገረችኝም። ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ፈትታ በጣቷ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝና፣ አሁን ፈትነኝ አለችኝ። ዱካሌም በሚቀጥለው ዙር መዝገብ ላይ ስሟን በሦስት ፊደል ጻፈችልኝ፤ ለጣት ያዘጋጀሁት ቀለም ሳይከፈት ቀረ።

ድምሩ ይኸው ነው፦ አንድ ሹመት፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ጠረፍ፣ የሦስት ወር ስኳር፣ የአንዲት ልጅ ስም፣ አንድ ዋንጫ፣ ከጥቅምት እስከ ጥምቀት ዝምታ። በዚህ ሁሉ የገዛነው ሰባት ወር ትምህርት ነው። አልተወደደብንም።